አራት ቀን በወይን ጉዳይ፦ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሆለታ

አጎቴ ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ዱከም ዳር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ሁለት ሺህ ካሬ ሜትር የምትሆን መሬት አለቻቸው። አንድ ዓመት ሽምብራ፣ አንድ ዓመት ምስር ዘሩባት። ዘንድሮ ደውለው "ወይን ልተክልባት ነው" አሉኝ። ለመብል የሚሆነውን አይደለም፤ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባውን ነው።

እኔ ደግሞ ወይን ሲነሳ ልቤ አብሮ ይነሳል። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ስለ ክሎን፣ ማለትም ከአንዲት እናት ሐረግ በቁራጭ ስለሚራባ ወይን፣ ሳነብ ከረምኩ። ለሞቃት አገር የትኛው ሲራህ፣ የትኛው ሻርዶኔ፣ የትኛው ካበርኔ የሚባል የወይን ዝርያ ይሻላል የሚለውን ከነክሎን ቁጥሩ አንድ ደብተር ሙሉ ገለበጥኩ። ጋሼ ደብተሩን አገላብጠው ሲያበቁ "ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ ግን የኔን መሬት አያውቃትም። መጀመሪያ መጥተህ እያት" አሉኝ። ከሥራ ሁለት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ቅዳሜና እሑድን ጨመርኩበት።

ሐሙስ ጥር 5፣ ዱከም

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቃሊቲ መናኸሪያ ነበርኩ። የጥር ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ረዳቱ "ደብረ ዘይት፣ ደብረ ዘይት፣ ዱከም የሚወርድ!" እያለ ይጣራል። አቃቂንና ገላንን አልፈን የፋብሪካው አጥር እየሳሳ ሲሄድ በስተግራ የረር ብቅ አለ።

ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው አስፋልቱ ዳር ቆመው አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ በዚህ ብርድ ለምን ወጡ? እኔ ራሴ እመጣ የለም ወይ?"

"ፀሐይ ሳይበረታ የሚታይ ነገር ስላለ ነው።"

የሚታየው ነገር ግራሯ ላይ፣ ጥላ ውስጥ የተንጠለጠለች ቴርሞሜትር ናት። 8 ዲግሪ ትላለች። ጋሼ ከኪሳቸው ደብተር አውጥተው ጻፉ። ካለፈው ጥር ጀምሮ በየቀኑ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ አንድም ቀን ሳያጓድሉ ጽፈዋል። ለቅሶ ሲሄዱ እንኳ ለጎረቤት ልጅ አደራ ሰጥተው ነው የሚሄዱት። ገጾቹን ሳገላብጥ እጄ ቀስ አለ። እንዲህ ያለ መረጃ በገንዘብ አይገኝም።

ሻይ ይዘን ቁጭ ብለን ደመርነው፣ አካፈልነው። የዓመቱ አማካይ ሙቀት 18 ዲግሪ ወጣ።

እዚህ ጋ አንድ ስሌት አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 ካሊፎርኒያ ውስጥ አመሪን እና ዊንክለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የወይን አካባቢዎችን በሙቀት በአምስት ከፈሏቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። የቀኑን አማካይ ሙቀት ትወስዳለህ፣ 10 ትቀንሳለህ፣ ምክንያቱም ወይን ከ10 ዲግሪ በታች ማደጉን ያቆማል፤ ከዚያ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ያሉትን የሰባት ወር ቀኖች ትደምራለህ። ድምሩ ከ1,390 በታች ከሆነ አንደኛው፣ ቀዝቃዛው ምድብ ነው። ከ2,222 በላይ ከሆነ አምስተኛው፣ በጣም ሞቃቱ ነው።

የጋሼን መሬት እንየው። 18 ሲቀነስ 10፣ 8። ስምንትን በ214 ቀን ስናባዛ 1,712 መጣ። መካከለኛው፣ ሦስተኛው ምድብ ማለት ነው። ግን የኛ ወይን መቼ ይተኛል? እዚህ በረዶ የሚጥልበት ክረምት የለም። ስለዚህ በ365 አባዛነው። 2,920። አምስተኛው ምድብ ውስጥ ገባ። አንድ መሬት ሁለት መልስ ሰጠን።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው "ታዲያ ሞቃት ነን ቀዝቃዛ?" አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ ነው ደብተሬ መልስ ያልነበረው። የሞቃት አገር የክሎን ምክር ሁሉ የተጻፈው ለሌላ ዓይነት ሙቀት ነው። የካሊፎርኒያ ሸለቆ ውስጥ ወይም የአውስትራሊያ መሃል አገር ላይ በጋው ሲመጣ ቀኑ 35 እና 40 ይገባል፣ ሌሊቱም እንደኛ አይበርድም። ያኔ ስኳሩ ይሮጣል፣ አሲዱ ይቃጠላል። በተለይ ማሊክ አሲድ፣ ያ አረንጓዴ ፖም ውስጥ ያለው፣ በሞቃት ሌሊት ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ እዚያ ያለ ሰው የሚፈልገው ዘግይቶ የሚበስልና አሲዱን የሚይዝ ክሎን ነው። ጋሼ ጋ ግን ከሰዓት 26፣ ሲነጋ 8 ነው። ሌሊቱ ራሱ አሲዱን ይጠብቅልናል። የኛ ፈተና ሌላ ነው፦ ዝናቡና እንቅልፍ ማጣቱ።

"ወይና ደጋ" የሚለውን ስም አስቡት። ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ያለውን አገር አባቶቻችን የጠሩት በወይን ነው። ቆላም አላሉት፣ ደጋም አላሉት። ይህን ቃል ትምህርት ቤት ስንማረው ስንት ጊዜ ጽፈነዋል፤ እኔ ግን ትርጉሙ የገባኝ ሐሙስ ጠዋት ግራር ሥር ነው።

ከምሳ በኋላ መሬቷን ዞርናት። ተዳፋት ናት። ላይኛው ጫፍ ጠጠር የበዛበት፣ ቀላ ያለ አፈር ነው። ታችኛው ግማሽ መረሬ ነው፣ ጥቁር። አሁን በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። በክረምት ደግሞ ጫማ ያስቀራል። ወይን እግሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም አይወድም። ስለዚህ ሁለት ጉድጓድ ቆፈርን፣ አንዱን ላይ፣ አንዱን ታች፣ እያንዳንዱ እስከ ጉልበት የሚደርስ። ሦስት ሦስት ባልዲ ውኃ ጨመርንባቸው።

የታችኛው ገረመን። ውኃውን በስንጥቁ በኩል ጭልጥ አድርጎ ዋጠው። ላይኛው እንኳ እንደዚያ አልፈጠነም። ጋሼ ደስ አላቸው። "ይኸው፣ መረሬውም ይጠጣል!" አሉ። ሦስት ሦስት ባልዲ እንደገና ደፋንባቸውና እስከ እሑድ ልንተዋቸው ተስማማን።

ማታ የዝዋይ ወይን ቀዳን። ጉደርንና አክሱሚትን ሁላችንም እናውቃለን። ካስቴል የሚባለው የወይን ኩባንያ ግን ዝዋይ ላይ የተከለው ከፈረንሳይ ባስመጣው ችግኝ ነው፤ መርሎ፣ ሲራህ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ። የመጀመሪያው ጠርሙሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ዋለ። ዝዋይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዱከም ከዚያ በ300 ሜትር ያህል ትበልጣለች፣ ዝናቧም ይበዛል። ስለዚህ እነሱ ጋ የሠራው እኛ ጋ እንዳለ ይሠራል ማለት አይቻልም። ተስፋ ግን ይሰጣል።

ዓርብ ጥር 6፣ ቢሾፍቱ

ከዱከም ቢሾፍቱ አሥር ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የሄድነው ጋሼ ድሮ የሚያውቋቸው አንዲት እናት ጋ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት የወይን ሐረግ አለ። በእንጨት ተደግፎ ከበሩ እስከ ማድ ቤቱ ጥላ ሠርቷል።

"እማማ፣ ይህን ማን ተከለው?" አልኳቸው።

"እኔው ነኝ የኔ ልጅ። ይኼ በቀኝ ያለው ከእናቴ ግቢ ቆርጬ ያመጣሁት ነው። ያኛውን ጎረቤቴ ሰጠችኝ። ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ጥቁር ወይን።"

ክሎን ማለት ይኸው ነው። ሸንኮራ አገዳ በቁራጩ እንደሚተከለው፣ እንሰት ከእናቱ ጉንድ እንደሚወጣው፣ ወይንም ከአንዲት እናት ሐረግ ተቆርጦ ሲተከል እናቱን ራሷን ይሆናል። ከፍሬው ዘር ብታበቅለው ግን ሌላ ልጅ ነው የሚወጣው፤ እናቱን አይመስልም። ታዲያ ቁራጩ ሁልጊዜ ያው ከሆነ የክሎን ልዩነት ከየት መጣ? ከብዙ መቶ ዓመታት መቆራረጥ። በአንዷ ዓይን ላይ ትንሽ ለውጥ ትከሰታለች፣ ያቺ ዓይን ቅርንጫፍ ትሆናለች፣ አንድ ሰው ያንን ቅርንጫፍ ቆርጦ ይተክለዋል። ፒኖ ኗርን ያየህ እንደሆነ ጥቁር ነው፤ ፒኖ ግሪ ግራጫ፣ ፒኖ ብላን ነጭ። ሦስቱም በዚህ መንገድ ከአንድ ዝርያ የወጡ ናቸው። አብዛኛው ለውጥ ግን እንደ ቀለም ፊት ለፊት አይታይም። ዘለላው ትንሽ ይረዝማል፣ ፍሬው ትንሽ ያንሳል፣ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይበስላል። ይህን ለይቶ መምረጥ በሥርዓት የተጀመረው ጀርመን ውስጥ ነው። ጉስታቭ ፍሮሊክ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1876 ዚልቫነር ከሚባለው ወይን ጥሩ ጥሩውን ሐረግ እየለየ ማራባት ጀመረ።

ወደ እማማ ግቢ እንመለስ። ሁለቱም ላይ በጥቅምት ያበበ ፍሬ አለ። መሰላል ላይ ወጥቼ ከየአንዳንዱ አንድ ዘለላ ይዤ ወረድኩ።

የእናታቸው ዘለላ እንደ ጡጫ ጥብቅ ነው። ፍሬዎቹ ተጨናንቀው ክብ መሆናቸው ቀርቶ ማዕዘን አውጥተዋል። በአውራ ጣቴ ፈልቀቅ ሳደርገው መሃል ላይ አንዷ ፍሬ ተሰንጥቃለች። ጭማቂዋ ወደ ጎረቤቶቿ ወርዷል፣ ግራጫ ሻጋታ ከላይዋ ላይ እንደ ሱፍ በቅሏል። ከውጭ ሲታይ ግን ዘለላው ንጹሕ ነው፤ ሽታው ብቻ ነው የሚያሳብቅ፣ ኮምጣጤና እርጥብ ጆንያ። ከዘለላው ጎን ካለፈው ክረምት የቀረ አንድ የደረቀ ዘለላ ተንጠልጥሏል። ነካ ሳደርገው አቧራ ሆኖ እጄ ላይ ቀረ።

የጎረቤታቸውን ዘለላ ያዝኩት። ረዘም ያለ ነው፣ በፍሬዎቹ መሃል ብርሃን ይታያል። ነፋስ ያልፍበታል። አንድም የበሰበሰ የለውም።

"እማማ፣ በክረምት የትኛው ይተርፍልዎታል?"

"የእናቴ ይበሰብሳል። ጣፋጩ ግን እሱ ነበር" አሉና ጥቂት ዝም አሉ።

ስለ ክሎን ካነበብኩት ሁሉ ይህቺ ዘለላ በለጠችብኝ። ለአዲስ አበባ ዙሪያ የመጀመሪያው መለኪያ የዘለላው ልቅነት መሆን አለበት። የሻርዶኔን ሜንዶዛ የሚባለውን ክሎን ተመልከቱ። በአንድ ዘለላ ላይ ትልልቅ ፍሬና ደቃቅ ፍሬ ይቀላቅላል፤ ፈረንጆቹ ዶሮና ጫጩት ይሉታል። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ጊንጊን በሚል ስም ይታወቃል። ምርቱ ያንሳል፣ አሲዱ ግን ጥሩ ነው፣ ደቃቆቹም ለነፋስ ክፍተት ይተዋሉ። ምርት ብቻ የሚቆጥር ገበሬ ይጠላው ይሆናል። እኛ ጋ ግን ያቺ ክፍተት ዋጋ አላት። የፒኖ ኗር ማሪያፌልድ የሚባለውም የስዊዘርላንድ ክሎን የተወደደው ዘለላው ልቅ በመሆኑ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ጊዜ ነው። ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያበቃ ትገርዛለህ። ከዚያ አምስት ወር ገደማ ብትሰጠው ለቀማው የካቲት መጨረሻ ላይ ይወድቃል። በልግ ደግሞ መጋቢት ላይ በሩን ያንኳኳል። ስለዚህ አሥር ቀን ቀድሞ የሚበስል ክሎን እኛ ጋ ትርፉ ትልቅ ነው። የሞቃት አገር ምክር እኮ የሚለው ተቃራኒውን ነው፣ ዘግይ ነው የሚለው። ይህን ሳስብ ዚንፋንዴልና ፕሪሚቲቮ ትዝ አሉኝ። አንዱ ካሊፎርኒያ፣ አንዱ ደቡብ ጣልያን ነው የኖረው። የዘር ምርመራው አንድ ዝርያ መሆናቸውን አረጋግጧል፤ አገሩም ክሮኤሺያ ነው። ግን ፕሪሚቲቮ ቀድሞ ይበስላል፣ ዘለላውም ልል ነው። ዚንፋንዴል ጥብቅ ነው፣ ይበሰብሳል። አንድ ወይን ሆነው ሁለት ጠባይ አላቸው፤ የእማማ ሁለት ሐረጎች እንደሚለያዩት ማለት ነው።

ዓርብ ስለሆነ በያይነቱ በላን። ስንመለስ በደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል አጠገብ አለፍን። ጋሼ "ቁንጮ ጤፍ ከዚህ ነው የወጣው" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀ ዝርያ ነው። አንድ ገበሬ ማኛን ከሰርገኛ፣ ቁንጮን ከሌላው ለይቶ ይጠራል። ወይን ላይም እንደዚህ ለይተን የምንጠራበት ቀን እንዲመጣ በጣም እመኛለሁ።

ቅዳሜ ጥር 7፣ ሆለታ

ዛሬ ወደ ሌላኛው ጎን ሄድን። ከአስኮ ተነስተን ቡራዩን አልፈን ወደ ሆለታ። ከተማዋ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚያ አንድ ወዳጄ በጓሮው ሠላሳ የሚሆን የወይን ግንድ አለው። ከዱከም ከፍ ስንል ምን እንደሚለወጥ ለማየት ነበር የፈለግነው።

ብዙ ተለወጠ። ታኅሣሥ ላይ ውርጭ መጥቶ ለጋውን ቅጠል አቃጥሎታል፣ ጫፉ እንደ ትንባሆ ደርቋል። ከዚያም በላይ የገረመኝ አበቃቀሉ ነው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ጫፉ ላይ ያሉት አንድ ሁለት ዓይኖች ብቻ ናቸው የፈነዱት። ከታች ያሉት ደርቀው እንደተኙ ቀርተዋል። ይህ የእንቅልፍ ማጣት ውጤት ነው። ወይን በበረዶ አገር ክረምቱን ሙሉ ተኝቶ ሲነሳ ዓይኖቹ ሁሉ አብረው ይፈነዳሉ። እኛ ጋ በቂ ብርድ ስለማያገኝ የጫፉ ዓይን ይነቃል፣ የታቹን ይጫነዋል። በሞቃት አገሮች ሃይድሮጅን ሲያናማይድ የሚባል ኬሚካል ይቀቡታል። ይሠራል፣ ግን መርዝ ነው፤ የነካው ሰው በዚያ ሰሞን መጠጥ ከቀመሰ ክፉኛ ይታመማል። ጋሼ "እንደዚህ ያለ ነገር ግቢዬ አይገባም" አሉ፣ ነገሩም እዚያው ተዘጋ። የቀረን መንገድ አጭር አድርጎ መግረዝ ነው፣ ከየቅርንጫፉ ሁለት ዓይን ብቻ መተው።

ወዳጄ ቅጠሎቹን አሳየኝ። የአንዳንዱ ጠርዝ ወደ ታች ተጠቅልሏል፣ መሃሉ ቀልቷል፣ የቅጠሉ ደም ሥሮች ግን አረንጓዴ ናቸው። ልቤ ደነገጠ። ይህ የቅጠል ጥቅል ቫይረስ የሚባለው ምልክት ይመስላል። ላቦራቶሪ ሳያየው እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ምልክቱ ግን በደንብ ይታወቃል። ፍሬው በደንብ አይበስልም፣ ስኳሩ ዝቅ ይላል፣ መድኃኒት የለውም። በቁራጭ ይተላለፋል፣ ነጭ ዱቄት የለበሱ ትንንሽ ነፍሳትም ከግንድ ግንድ ያዳርሱታል።

እዚህ ላይ የራሴን ታሪክ ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ችግኝ ሻጭ ጋ ሄጄ አሥራ ሁለት የሲራህ ችግኝ ገዛሁ። በደስታ ተከልኩ፣ በየማታው አጠጣኋቸው። ፍሬ ሲይዙ፣ ጥቁር መሆን ሲገባቸው፣ አራቱ ነጭ ሆነው ወጡ። ሁለቱ ደግሞ ከመጀመሪያው ቅጠል ጀምሮ የተጠቀለሉ ነበሩ። ነቅዬ አቃጠልኳቸው። ያን ቀን ያመመኝ ከገንዘቡ ይልቅ የሁለት ዓመቱ ጊዜ ነው። ወይን ጊዜን አይመልስም።

ስለዚህ ቁጥሩ ላይ ከመከራከር በፊት እናቷ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ክሎን ቁጥር የሚሰጠው በመጀመሪያ ለዚህ ነው፤ እናቲቱ የት እንዳለች፣ ለቫይረስ መመርመሯን ለማወቅ። ሲራህን ውሰዱ። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብዙ የሲራህ እርሻ ምክንያቱ ሳይታወቅ መድረቅ ጀመረ። ግንዱ ከሌላ ወይን ሥር ጋር በተዳቀለበት ቦታ ላይ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ቅጠሉ ይቀላል፣ ከዚያ ይሞታል። ሲጣራ አንዳንዱ ክሎን በብዛት ይሞታል፣ ሌላው አይነካም። 470፣ 524 እና 747 የሚባሉት እምብዛም የማይጠቁት ናቸው። እዚህ ላይ ቁጥሩ ከማዕረግ በላይ ነው። ያለ ቁጥር ሲራህ የገዛ ሰው የትኛው እጅ እንደገባ አያውቅም።

ወደ ዱከም ስንመለስ የአክስቴ ልጅ ከጣልያን ደወለች።

"የፕሪሚቲቮ እንጨት ፈልገሃል አሉኝ። ለፋሲካ ስመጣ በሻንጣዬ ላምጣልህ?"

"አይ እህቴ፣ ተይው። ሕመም ይዞ ይመጣል።"

"እንጨት እኮ ነው!"

እንጨት አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ፊሎክሴራ የሚባል ሥር የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ገብቶ የወይን አገሩን አወደመው። የገባው እንዲህ በተላከ ተክል ነው። ከውጭ ተክል የሚገባው በፈቃድ፣ በጤና ማረጋገጫና በምርመራ ነው፤ ይህ ለኛው ነው የሚጠቅመው። ለእህቴ ይህን ሁሉ አስረዳኋት። "እሺ፣ በወረቀት ከሆነ ወረቀቱን እኔ እዚህ እጠይቃለሁ" አለችኝ። ይህቺ ልጅ ሁሌም እንዲህ ናት፣ እግዚአብሔር ይስጣት።

እሑድ ጥር 8፣ ዱከም

ጋሼ ከቅዳሴ ሲመለሱ እኔ ጉድጓዶቹን እያየሁ ነበር። በልጅነቴ አያቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጧፍና ዕጣን ከዘቢብ ጋር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትወስድ ነበር። ዘቢቡ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ነው ለቁርባን የሚሆነው። ጋሼ ወይን ለመትከል የተነሱት በዚህ ምክንያት ይሁን ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ላይኛው ጉድጓድ ደርቋል። እጄን ስከት ሥሩ ላይ ቀዝቀዝ ይላል እንጂ አይጣበቅም።

ታችኛው ግን ሌላ ነው። ሐሙስ ያን ሁሉ ውኃ ጭልጥ ያደረገው መረሬ አብጦ ስንጥቁን ዘግቷል። ጉድጓዱ ሥር አራት ጣት የሚሆን ውኃ ጥቁር ሆኖ ቆሟል። ከሦስት ቀን በኋላም አልጠለቀም። ጭቃውን ጨበጥኩት፣ በጣቶቼ መሃል እንደ ሳሙና ተንሸራተተ፣ ለማጠብ ባልዲ ሙሉ ውኃ ፈጀሁ። በጥር እንዲህ ከሆነ ነሐሴ ላይ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩት። "አታለለን እኮ" አሉ። ቅር ብሏቸዋል፣ ፊታቸው ላይ አየሁት። ሁለት ሺህ ካሬ ሙሉ ወይን ነበር ያሰቡት።

"ጋሼ፣ ታችኛው ሽምብራውን ይብላ። ላይኛው ይበቃናል።"

ቁርስ በልተን ደብተር ዘረጋን። የወሰንነው ይህ ነው። ላይኛው ላይ ስልሳ ግንድ ብቻ እንተክላለን፣ በሦስት መስመር፣ ሃያ ሃያ። አንዱ መስመር ሻርዶኔ ሜንዶዛ፣ አንዱ ፕሪሚቲቮ፣ አንዱ ሲራህ 470። ካበርኔን ተውነው፣ ለበልግ በጣም ይዘገያል። ጋሼ መርሎ ይጨመር ብለው ነበር፣ ቀድሞ ስለሚበስል ሐሳባቸው ትክክል ነው፤ ግን በአራት ዓይነት ሃያ ግንድ ማግኘት ከባድ ስለሚሆን ለሚቀጥለው ዓመት አቆየነው።

የተከራከርነው ሥሩ ላይ ነው። ወይኑ የሚዳቀልበት ሥር ራሱ ምርጫ አለው። 110 ሪክተር የሚባለው ጠጠርና ድርቅ ይችላል፣ ግን ፍሬውን ትንሽ ያዘገያል። 101-14 ደግሞ ቶሎ ያደርሳል፣ ድርቅ ግን አይችልም። እኔ 110 አልኩ፣ በጋው ረጅም ነው ብዬ። ጋሼ የጉድጓድ ውኃ አለን፣ ጠብታ መስኖ እንዘረጋለን፣ ቶሎ የሚያደርሰው ይሻላል አሉ። ሁለታችንም ልክ ነን። ስለዚህ ከየመስመሩ ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ልናደርግ ተስማማን። እንዲህ ሲሆን ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ ጎን ለጎን ማየት እንችላለን። ችግኙ በሕጋዊ መንገድ እስኪመጣ ብዙ ወር ይወስዳል። ይውሰድ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ የዘይት ቆርቆሮ ቆረጡ። እኔ በምስማር እየወጋሁ ቁጥሩን ጻፍኩ፤ መስመር፣ ክሎን፣ ሥር፣ ቀን የሚሞላበት ቦታ። ቀለም በሁለት ክረምት ይጠፋል፣ የተወጋ ቆርቆሮ አይጠፋም። ስልሳ ቁራጭ ሠራን። ጋሼ አንድ በአንድ ጠርዙን በድንጋይ አለሰለሱት፣ እጅ እንዳይቆርጥ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቆርቆሮዎቹን በሽቦ ሰክተው ግራሯ ላይ፣ ቴርሞሜትሯ ጎን አንጠለጠሏቸው። ነፋሱ ሲመጣ ይንቀጫቀጫሉ።

ሰዓታቸውን አዩና ደብተሩን አወጡ። 19 ዲግሪ።